በቫይታሚን ብልቃጥ የላክሁት ማስታገሻ

ሰኞ

አስካለ ሁለት ኪሎ ካለች ሁለት ኪሎ ነው፣ አንድ ካልሲ እንኳ አታስጨምርም። እሑድ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች፣ ለእናቷ ሙት ዓመት። ይህን የሰማ ሁሉ ዕቃውን ታቅፎ ዌስት ፉትስክሬይ ቤቷ ይመላለሳል። እኔ ከካርቱም ጀምሮ ጓደኛዋ ስለሆንኩ ሁለት ኪሎ ተፈቀደልኝ። ለሌላው አንድ አንድ ነው የሰጠሁት ብላኛለች። ይሁን፣ አምኛታለሁ።

የላክሁት ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ማሞ ነው። ጫማ። ሹራብ። ወገቡን የሚያስርበት ቀበቶ። እና ያ ኪኒን።

የኪኒኑን ነገር እዚህ ልጻፈው፣ ለሌላ ሰው የምናገረው አይደለም። ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ሲያደርጉኝ ያዘዙልኝ ጠንካራ ማስታገሻ ተርፎኛል። ያዞረኝ ስለነበር ቶሎ ትቼው ወደ ተራው ማስታገሻ ዞርኩ። ጋሼ ደግሞ ኮልፌ ተኝቶ ወገቤን ወገቤን ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ከጭነት መኪና ላይ እህል ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው በስልክ እያወራን መሀል ላይ ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ለካ ሕመሙ እስኪያልፍለት እየጠበቀ ነው። እኔ እዚህ ባሕር ማዶ ሰንሻይን ዌስት ማስታገሻ መሳቢያ ውስጥ ዘግቼ ልቀመጥ? አላደርገውም።

ችግሩ አስካለ መድኃኒት አልይዝም ባይ ናት። የአንዲት ሴትዮ ሻንጣ ተፈተሸና እንዲህ ሆነች የሚል ወሬ ሰምታለች። ስለዚህ ኪኒኑን አንድ በአንድ ከማሸጊያው፣ ከስትሪፑ ፈልቅቄ ባዶ የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩት። ቦታ አይፈጅም፣ ጥያቄ አያመጣም። አንድ ስትሪፕ ብቻ ለክፉ ቀን ብዬ ለራሴ አስቀረሁ። የአስካለ ባል ጋሽ ታደሰ ከሰዓት በኋላ በመኪናቸው መጥተው ወሰዱልኝ። ሻይ ላፍላ ብላቸው እንቢ አሉ፣ ገና ሌላ ሦስት ቤት ዕቃ የሚለቅሙበት ነበራቸው።

አመሻሽ ላይ አስካለ ደውላ እንደ ፖሊስ መረመረችኝ። መድኃኒት የለበትም አይደል? ቫይታሚን ነው አልኳት። ምላሴ እንኳ አልተያዘም። ስልኩን ስዘጋ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ማክሰኞ

ልጄ ሄርሜላ ወደ ሥራ ስትሄድ ፋርማሲ አደረሰችኝ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ። ፋርማሲስቷ ቬትናማዊት ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች፣ ዘውድነሽ የሚለውን ስሜን በትክክል ልጥራ ብላ ሁልጊዜ የምትታገል። ጉልበትሽ እንዴት ነው አለችኝ። ደህና። ከኦፕራሲዮኑ የተረፈ ማስታገሻ ቤትሽ አለ? አልቋል አልኩ። በጣም ቶሎ ነው ያልኩት።

እሷ ግን ምናልባት ካገኘሽ ብላ ቀጠለች። አምጪው፣ እኛ ተቀብለን እናስወግደዋለን፣ አትከፍይበትም። ቆሻሻ ውስጥ አትጣዪው፣ ሽንት ቤት አትልቀቂው፣ ለሌላ ሰው አትስጪው። ላንቺ ተመጥኖ የታዘዘው ሌላውን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል አለች፣ በተለይ ዕድሜው የገፋውን።

እዚህ ላይ አመስግኜ መውጣት ነበረብኝ። አፌ ግን መቼ ያርፋል። አንዲት የማውቃት ሴት ወደ አገር ቤት ልትልከው ትፈልጋለች አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። በሌላ ሰው ስም የታዘዘ እንዲህ ያለ መድኃኒት ይዞ ድንበር ማቋረጥ ወንጀል እንደሚሆን፣ አውሮፕላን ከሚቀየርባቸው አገሮች አንዳንዶቹ ደግሞ ይህን የያዘ መንገደኛ እንደሚያስሩ ነገረችኝ። የያዘው ሰው አላውቅም ቢል አይሰሙትም አለች። ለሴትዮዋ ንገሪያት። እሺ እነግራታለሁ አልኩ።

አስካለ መንገድ ላይ አውሮፕላን ትቀይራለች። ስድስት ሰዓት ሙሉ እዚያ ልቀመጥ ነው እያለች ስታማርር ሰምቻለሁ።

መኪና ውስጥ ስትጠብቀኝ የነበረችው ሄርሜላ ፊትሽ ምን ሆነ አለችኝ። ጉልበቴ ነው አልኳት። ታዲያ «ቴክ ዩር ፔይንኪለርስ፣ ማም» አለችኝ፣ መንገዱን እያየች፣ ማስታገሻሽን ውሰጂ ማለቷ ነው።

ረቡዕ

እንዴት አድርጌ ላስመልሰው? እስካሁን ያሰብኳቸው ውሸቶች፦

የጫማው ቁጥር ተሳስቷል። (አይሆንም፣ ቁጥሩን ራሷ ናት የመረጠችልኝ።)

ጋሼ ቫይታሚን አይስማማውም። (ታዲያ ለሌላ ይስጠው ትለኛለች።)

ብልቃጡ ጊዜው አልፏል። (ይህ ደህና ነበር፣ ግን ከላይ የተጻፈውን ታነባለች፣ አላለፈም።)

ጾም ነው ብዬ ቁርስም ምሳም አልበላሁም፣ እውነቱን ለመናገር ጾም ባይሆንም አይወርድልኝም ነበር። ቴሌቪዥን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ፊዚዮዋ ለጉልበቴ ያዘዘችኝን እንቅስቃሴ ጀመርኩና ግማሹ ላይ ተውኩት። ዓይኔን ስጨፍን አስካለ የማታውቀው አገር ኤርፖርት ውስጥ አንድ ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ትታየኛለች። ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ የዘውዴ ቫይታሚን ነው ትላለች፣ ማንም አይሰማትም።

ደወልኩላት። አንድ ነገር ልጨምር ረስቼ ነበር፣ ሻንጣውን ብትከፍቺልኝ አልኳት። ተዘግቷል፣ ተመዝኗል፣ በላስቲክ ተጠቅልሏል አለችኝ። ያንቺ ዕቃ ደህና ነው፣ ምን አስጨነቀሽ? ስትናገር ድምጿ ትንሽ ቸኮል ያለ መሰለኝ፣ ጨቀጨቅኳት ብዬ አፈርኩና ወሬ ቀየርኩ። ስለ ሙት ዓመቱ ድግስ ጠየቅኳት። ድንኳኑን፣ ካህናቱን፣ ሁሉንም ነገረችኝ። እናቷ ስትቀበር አልነበረችም፣ ይህንን ነው ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ የኖረችው። እኔ እህ፣ እህ እላለሁ።

እውነቱን ብነግራትስ? ቢበዛ ትሰድበኛለች። ግን ስድቡ አይደለም የፈራሁት። ዋሽታኛለች ብላ ዝም ትላለች፣ አስካለ ዝም ስትል አውቃለሁ። አንዷን የማኅበራችንን ሴት እንዲሁ ዝም እንዳለቻት ሴትዮዋ ቤቷን ሽጣ ሌላ ሰፈር ገባች።

ነገ ራሴ እሄዳለሁ። ፊት ለፊት ይሻላል።

ሐሙስ

በተራው ልጻፍ።

ጠዋት ሄርሜላ ከወጣች በኋላ ክራንቼን ይዤ አውቶቡስ ፌርማታ ሄድኩ። ተቀምጬ የምላትን ስለማመድ ስልኬ ጮኸ። አስካለ ናት። ጉዞው ሊቀር ነው አለችኝ፣ እያለቀሰች። ጋሽ ታደሰ ከትናንት ጀምሮ አሟቸዋል። ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸው ይከደናል፣ ምግብ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ዛሬ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ዞሮባቸው በሩን ተደግፈው ቀሩ። ስኳር ይሁን ልብ አይታወቅም፣ ሐኪም ለነገ ቡክ አድርጋለች። በዚህ ሁኔታ ጥላቸው አትሄድም።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሻንጣው አይሄድም። ማንም ሳያውቅ ዕቃዬን እወስዳለሁ። አይዞሽ ይሻላቸዋል እያልኳት በሆዴ ይህንን ነበር የማስበው። የእናቷ ሙት ዓመት ትዝ አላለኝም።

ከዚያ አስካለ እንዲህ አለች፦

«ደግሞ እንዳትቀየሚኝ ዘውዴ። ሻንጣው ኪሎ አልፎብኝ ያንቺን ቫይታሚን አውጥቼዋለሁ። ትናንት ስትደውዪ መናገር ከብዶኝ ነው። ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብዬ ለታደሰ ጠዋትና ማታ እየሰጠሁት ነው፣ ጉልበት ይሆነዋል ብዬ። ዛሬ ሲብስበት ሁለት አደረግኩለት።»

አውቶቡሱ መጥቶ ፊቴ በሩን ከፍቷል።

«አትስጪው» አልኳት። «አስኩ፣ ቫይታሚን አይደለም። የኦፕራሲዮኔ ማስታገሻ ነው። አሁኑኑ አምቡላንስ ጥሪ፣ ብልቃጡን አሳዪያቸው።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ሹፌሩ ትገቢያለሽ ወይ አለኝ። ገባሁ። የት እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። ቤታቸው ስደርስ አምቡላንሱ ወስዷቸዋል፣ ጎረቤቷ ናት የነገረችኝ። ሄርሜላ ከሥራዋ ወጥታ ሆስፒታል አደረሰችኝ። አስካለ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፣ በቤት ነጠላ ጫማ። አጠገቧ ቁጭ አልኩ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሌላኛው ወንበር ሄደች።

ሐኪሙ ሲመጣ ተነስቼ በዚችው በእንግሊዝኛዬ ሁሉንም ነገርኩት። የኪኒኑን ስም፣ ለእኔ እንደታዘዘ፣ ለወንድሜ ወገብ ልልከው ብዬ እኔ ብልቃጥ እንደቀየርኩ። አስካለ እየሰማች ነበር። ሐኪሙ አልቆጣም፣ ደግነቱ ቶሎ ታውቋል አለ። ትንፋሻቸው ደህና ነው፣ ግን እየተከታተልን እዚህ እናሳድራቸዋለን አለ። በመጋረጃው ቀዳዳ እግራቸው ታየኝ። የጋሽ ታደሰ ካልሲ ጫፉ ላይ ተሸንቁሯል።

ስንመለስ ሄርሜላ ግማሽ መንገድ ላይ «ማም፣ ሂ ኩድ ሃቭ ዳይድ» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ እኔ በቁም ነገር እንድሰማት ይመስለኛል፣ በአማርኛ ደገመችው። «ሊሞቱ ይችሉ ነበር።» ልጄ ሳልለምናት አማርኛ ካወራችኝ ስንት ጊዜዋ ነው።

አርብ

ጋሽ ታደሰ ወደ ቤት ተመልሰዋል። ተመስገን። ተመስገን። ተመስገን።

አስካለ ስልክ አታነሳም። ሄርሜላ ብልቃጡን ልታመጣ ሄዳ ከብልቃጡ ጋር ትልቅ ፌስታል ይዛ መጣች። ጫማው፣ ሹራቡ፣ ቀበቶው። ሁሉንም መልሳዋለች። ሻንጣውን ለዚህ ብላ ፈትታዋለች ማለት ነው። ትናንት ያላለቀስኩት ዛሬ ጫማው ላይ አለቀስኩ።

ብልቃጡን ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ አልኳት ልጅቷን። ገብቶኝ ነበር የምትል ትመስላለች፣ ግን አላለችም። ሰው ተጎዳ ወይ ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። ብልቃጡን ተቀብላ ወደ ውስጥ ወሰደችው። ስትመለስ ሌላ የቀረ አለ አለችኝ። የለም አልኩ።

አለ። ያ ለክፉ ቀን ያልኩት ስትሪፕ በርበሬው ዕቃ ጀርባ አለ።

ለምን እንደዋሸሁ እኔም አላውቅም። ጉልበቴ አንዳንዴ ሌሊት ይቆረጥመኛል፣ አንደኛው ምክንያት ይሄ ነው። ሁለተኛው ግን ያናድደኛል። ጋሼ እዚያ ትራሱን ነክሶ ያድራል፣ እኔ እዚህ ደህናውን መድኃኒት ለቆሻሻ አስረክቤ ታንክ ዩ እላለሁ። እዚህ አገር ለመድኃኒት የራሱ ቆሻሻ መጣያ አለው። እዚያ ጋሼ ጋ መድኃኒቱ ራሱ የለም። ጥፋቴን አውቃለሁ፣ አልካድኩም። ንዴቴ ግን እውነት ነው።

ቅዳሜ

ስትሪፑን ከበርበሬው ጀርባ አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወደ ቦርሳዬ። ከዚያ ተመልሶ በርበሬው ጀርባ። ልብስ አጣጥፌ፣ ፈትቼ፣ ደግሜ አጣጠፍኩ። ሄርሜላ ምን ሆነሻል አለችኝ። ምንም።

ጋሽ ታደሰ ስለተሻላቸው የአስካለ ጉዞ አልቀረም፣ ነገ መሸኛው ነው። ካልሄድኩ ተጣላን ማለት ነው፣ ሰውም ያውቃል። ከሄድኩ ደግሞ በሰው ፊት ፊቷን ብታዞርብኝስ? እዚያ ከሚመጡት ስንቱ እንደሰማ አላውቅም። ሁሉም ሰምቷል ብዬ ብገምት ይሻላል።

እሄዳለሁ።

ጉልበቴ ዛሬ ክፉኛ ሲቆረጥመኝ ዋለ። ተራውን ማስታገሻ ብቻ ነው የወሰድኩት።

እሑድ

ከቅዳሴ በቀጥታ ዌስት ፉትስክሬይ። ቤቱ ሞልቷል። አስካለ ሁሉንም አገላብጣ ሳመች፣ ለእኔ እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ ወይም የእኔ። ሴቶቹ ስለ አየር ትኬት ዋጋ ያወራሉ፣ ማንም ስለ ኪኒን አላነሳም። ያላነሱበት መንገድ ግን መስማታቸውን ነገረኝ።

ጋሽ ታደሰ ሶፋው ላይ ናቸው፣ ትንሽ ከስተዋል። ይቅርታ ልጠይቃቸው አጠገባቸው ስቀመጥ እሳቸው ቀደሙኝ። እያሳቁኝ ነበር፣ ቫይታሚንሽ ሰማይ ቤት አድርሶ መለሰኝ እያሉ። ሰው ዞር ሲል ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዘውዴ፣ ከዚያ ነገር ትንሽ የተረፈ ይኖርሽ ይሆን? ጉልበቴ እኮ ሁለት ቀን ሙሉ ተወኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ዓይናቸውን አየሁት፣ ቀልድ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት የሰውን ዕቃ ሲያወጡ ሲያወርዱ፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ሲወጡ፣ ጉልበቴን አመመኝ ሲሉ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

«የለም ጋሽ ታደሰ» አልኳቸው። «ይልቅ ጉልበትዎን ለሐኪም ይንገሩ። ከፈለጉ ሄርሜላ ትወስድዎታለች።»

እሺ፣ እሺ አሉና እጄን መታ መታ አደረጉ። ግን ወደ ቦርሳዬ አዩ። ስትሪፑ ቤት ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ቦርሳዬን ወደ ሆዴ ሳብኩት። በጣም ፈራሁ። የፈራሁት እሳቸውን አይደለም፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ በሹክሹክታ ቢለምኑኝ እንቢ ማለት አለመቻሌን ነው።

ሻንጣው ተጭኖ ሁሉም በር ላይ ቆመ። አስካለ መኪናው ውስጥ ልትገባ ስትል ዞራ ፈለገችኝ።

«የወንድምሽን ስልክ ላኪልኝ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ዕቃ አልይዝልሽም። እሱን ግን ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። ብሩን አንቺ ትልኪያለሽ።»

እሺ አልኩ። በሩን ዘጋችው። አልሳመችኝም፣ እጇንም አላወዛወዘችልኝም። ቁጥሩን እዚያው መንገዱ ዳር ቆሜ ላክሁላት፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ።

ሰኞ

ፋርማሲው ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ስትሪፑን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ልጅቷ አየችው፣ አየችኝ፣ ምንም ሳትጠይቅ አነሳችው። አንድ ሰው ለመነኝ አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ። ይለምናሉ አለች። ይህ መድኃኒት እንዲህ ነው፣ አንዳንዱ ሰው ለሕመሙ ይጀምረዋል፣ ከዚያ ሕመሙ ቢሻለውም መተው ያቅተዋል። ወጥቼ ትንሽ እንደሄድኩ ጉልበቴ ቆረጠመኝና የሰው አጥር ተደግፌ ቆምኩ።

ከዚያ ቤት ገብቼ ኮልፌ ደወልኩ። ይህንን ነው ሳምንቱን ሙሉ ስሸሽ የቆየሁት። ለጋሼ ኪኒኑ እንደማይመጣ ነገርኩት። ለምን እንደሆነም ነገርኩት፣ ከብልቃጡ እስከ አምቡላንሱ፣ አንዱንም ሳላስቀር። አስካለ እንደምትመጣና ሐኪም ቤት እንደምትወስደውም ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆየ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ወይም ያለቅሳል ብዬ።

«እኔስ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ» አለኝ። «ግማሹን ግን ለጎረቤቴ ለአቶ ደጉ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ጎናቸውን ያማቸዋል። ሚስታቸው መጣ ወይ እያለች ትናንትም በር ላይ ነበረች። ምን ልበላቸው?»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። አቶ ደጉን አላውቃቸውም። ዕድሜያቸው ስንት ነው አልኩት። ሰማንያን ሳያልፉ አይቀሩም አለኝ፣ አጥንት ብቻ ቀርተዋል፣ ምስኪን።

እሳቸውም አብረውህ ሐኪም ጋ ይሂዱ በላቸው አልኩት። በምን ብር አለኝ። እልካለሁ አልኩ፣ ከየት እንደማመጣው ሳላውቅ። ሲክ ሊቩ፣ የሕመም ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ነው፣ ወደ ሥራ የምመለስበትም ቀን ገና አልታወቀም። ጋሼ ግን ወዲያው ሊነግራቸው ተነሳ፣ ሲነሳ ኡህ ሲል ሰማሁት፣ ከዚያ በሩን ሲያንኳኳ።

አስካለ አሁን አየር ላይ ናት። የምትወስደው አንድ በሽተኛ ነው ብላ ነው የሄደችው፣ ሁለት መሆናቸውን ስታርፍ እኔ ነኝ የምነግራት። ስልኬን ታነሳ እንደሆነ እናያለን።